ልጅ ከቤት ሳይወጣ፦ በወሎ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ወሎ ውስጥ ብዙ ልጅ ለብዝበዛ የሚዳረገው ተሰርቆ አይደለም። ተመርቆ፣ ስንቅ ተቋጥሮለት ነው የሚወጣው። ከለጋምቦና ከደላንታ ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻና ወደ አዲስ አበባ ለቤት ሥራ ይሄዳል። ከሐብሩ፣ ከቃሉና ከወረባቦ ደግሞ በባቲ ወርዶ አፋርን ያቋርጣል፤ ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ። ሁለቱም መንገድ የሚጀምረው ከአንድ የተቸገረ ቤት ነው። ቤቱ ከቆመ ልጁም ይቆማል። ስህተቶቻችን የሚመጡት ይህን ስንዘነጋ ይመስለኛል።

«ከዘመድ ጋር ነው የሄደችው»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ልጆቻችንን ከማያውቁት ሰው እንዲጠነቀቁ እንመክራለን። የሚወስዳቸው ግን የሚታወቅ ሰው ነው። ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ወንድም፣ ቤት ገብቶ ቡና የሚጠጣ ደላላ ሊሆን ይችላል። «እያስተማርኩ አሳድጋታለሁ» ይባላል። ልጅቷ ስትደርስ ግን ሕፃን ታዝላለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ሌሊት ተነስታ ታቦካለች። ደብተር የሚባል ነገር የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆኑትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ይደነግጋል። ሰው ቤት ተቀጥሮ መሥራት ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ስለዚህ በር አንኳኩቶ «ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ?» የሚላት ተቆጣጣሪ የለም። ጠያቂዋ ቤተሰቧ ብቻ ነው።

መጠየቅ ደግሞ ነውር የለውም። የት ሰፈር ነው? ቤቱ የማን ነው? ትምህርት ቤቱስ የቱ ነው? የትምህርት መልቀቂያዋን ሳትይዝ ከሄደች «ትማራለች» የሚለውን ቃል አትመኑ። ስልክ ስትደውሉ ሁልጊዜ ሌላ ሰው እያነሳ፣ እሷ አጠገቧ ሰው ቆሞ የምታወራ ከሆነ ሂዱና እዩዋት። ከልቡ የወሰዳት ዘመድ በዚህ አይቀየምም።

«ሁለት ሦስት ዓመት ቢጨመርላት ምን አለበት?»

ውጭ አገር ለሥራ ለመሄድ 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። መታወቂያ ላይ ዕድሜ ሲጨመርላት ልጅቷ በወረቀት ትልቅ ሰው ትሆናለች። ባዕድ አገር ስትጎዳ «ልጅ ናት» ብሎ የሚሟገትላት አይኖርም። «ራሷ ፈልጋ ነው» ማለትም አያድንም። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የልጅን ፈቃደኝነት ለነጋዴው መከላከያ አያደርገውም።

ደብተር ሰጥቶ መመለስ

መስከረም ላይ ደብተርና እስክሪብቶ እናከፋፍላለን። ጥሩ ነው። ኅዳር ላይ ግን ልጁ ክፍል ውስጥ የለም። ደብተሩ አለ፣ ቤቱ ውስጥ እህል የለም። አባት ታሞ ይሆናል፤ በሬ ሞቶ ይሆናል፤ ታላቅ ወንድሙ «በባህር» ሲሄድ ለደላላ የተከፈለው ብድር ይሆናል። ያ ዕዳ ቀጣዩን ልጅ ይስባል። የመን ላይ ታግቶ ማስለቀቂያ ሲጠየቅማ የቀረው ከብትም ይሸጣል።

ሴፍቲኔት የሚባለው፣ ለተቸገረ ቤተሰብ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም ከ1997 ጀምሮ አለ። ሠርቶ መብላት የማይችል ቤተሰብ ያለ ሥራ የሚረዳበት «ቀጥታ ድጋፍ» የሚባል ክፍልም አለው። የልጅ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አያት ስሟ ተመዝግቦ እንደሆነ ማጣራት፣ ካልተመዘገበ ቀበሌ አብሯት ሄዶ ቅሬታ ማስገባት ከአንድ ደርዘን ደብተር ይበልጣል።

ልጁን ወደ ማሳደጊያ መላክም ቶሎ የሚታሰብ መፍትሔ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ወላጅ ላጡ ብዙ ልጆች ማሳደጊያ ሕይወት አትርፏል። አያት፣ አጎት፣ የክርስትና እናት እያለችው በድህነት ብቻ ልጅን ከሰፈሩ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ያንን ገንዘብ ለአያትየዋ ስጧት።

ቅሬን ለቀብር ብቻ መተው

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ነው ያለው። ማን እንደታመመ፣ የማን ጎተራ እንደጎደለ ከቅሬ በላይ የሚያውቅ ቢሮ የለም። አባወራ ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሰው ይጎርፋል። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ግን ልጆቹ ምን እንደሚበሉ የሚጠይቅ ይጠፋል።

እስቲ አስቡት። ባሏ የሞተባት ሴት የሚያርስላት ስለሌለ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። ምርቷ በግማሽ ይቀንሳል። ልጇን ሰው ቤት እረኛ አድርጋ ትቀጥራለች። ቅሬው በደቦ ቢያርስላት፣ በደቦ ቢያጭድላት ምርቱ ሙሉ ይሆናል፤ ልጁም ከትምህርት ቤት አይወጣም። ለዚህ ዕርዳታ ድርጅት መጠበቅ አያስፈልግም። ሌላም ቀላል ነገር አለ። መምህሩ አንድ ሳምንት የቀረ ልጅ ስም ለቅሬው ዳኛ፣ ማለትም ለመሪው ይንገር። በማግስቱ ሁለት ሰው ቤቱ ይሂድ። ልጁን ለመውቀስ ሳይሆን እናቱን «ምን ጎደለ?» ለማለት። ዘካና ሰደቃውም፣ የሰንበቴው መዋጮም ወደዚያ ቤት መንገድ ሊያገኝ ይችላል።

«በሽምግልና እንጨርሰው»

ወሎ በአበጋሮቹ፣ በአስታራቂ ሽማግሌዎቹ ይኮራል፤ ይገባዋልም። ደም ያደርቃሉ። የተደፈረችን ልጅ ጉዳይ በካሳ ወይም ደፋሪውን በማግባት መዝጋት ግን ወንጀል መሸፈን ነው። ልጅቷን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ ይዛችሁ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ፖሊስም ይነገረው። ሽማግሌ ከሦስት ቀን በኋላ ሲቀመጥ ይህ ሁሉ አልፏል።

«ባዶ እጁን መጣ»

ከመንገድ የተመለሰ ልጅ የመጀመሪያው የሚሰማው ቃል ይህ ከሆነ ሁለተኛ ይሄዳል። ዕዳው አለ፣ እፍረቱ አለ፣ ደላላውም አልራቀም። ወላጆች ስለ ገንዘቡ ከማንሳታችሁ በፊት አብሉት፣ ይተኛ፣ ሐኪም ይየው። በመጣ በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩለት። አበዳሪው ጋ ደግሞ አባትየው ብቻውን አይሂድ፤ የቅሬው ዳኛና አንድ ሁለት ጎረቤት አብረውት ሄደው የመክፈያ ጊዜ ያስረዝሙለት።