ማላዮች ለጨቅላ ሕፃን በሚደግሱት ድግስ ላይ እንግዶች የሚሠሯቸው ስህተቶች

በማሌዥያና በሲንጋፖር ማላዮች ዘንድ ለተወለደ ሕፃን እርድ የሚታረድበት አቂቃና ቹኩር ጃምቡል የሚባለው የሕፃን ጸጉር መቁረጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይደረጋሉ። ለትምህርት ወይም ለሥራ እዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ሲጠራው ደስ ብሎት ይሄዳል። ጫማ አውልቆ መግባቱን ማንም አይስተውም፤ ጣጣው የሚጀምረው መቀስ ሲሰጠው ነው።

ጸጉሩን እንደ ጸጉር አስተካካይ መቁረጥ። አባት ወይም አያት ሕፃኑን ታቅፎ በቆሙት ሰዎች መካከል ያዞረዋል። አጠገቡ ትሪ የያዘ ሰው ይከተላል፤ ትሪው ላይ መቀስና አናቱ ተቆርጦ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቀረጸ ለጋ ኮኮናት አለ። ተራው የደረሰው ሰው ጥቂት የጸጉር ጫፍ ቆርጦ ኮኮናቱ ውስጥ ይጨምራል። ከዚህ ያለፈ ነገር አይጠበቅበትም። እንግዶች ግን አንዴ መቀስ ከጨበጡ ማን ይመልሳቸው! አንዱ ጥቅጥቅ ያለውን ፍለጋ አናት ላይ ይወጣል፤ እርግብግቢቱ እዚያው ነው እኮ። ሌላው በአንድ እጁ መቀስ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ፎቶ ይነሣል። ጨቅላ በድንገት ይወራጫል፣ መቀሱም እውነተኛ መቀስ ነው። ስልኩን ኪስዎ ይክተቱ። ከጎን በኩል ጥቂት ጸጉር በሁለት ጣት ይያዙና ከጣትዎ ወደ ውጭ የተረፈውን ብቻ ይቁረጡ፤ እንዲህ ሲሆን በስለቱና በቆዳው መካከል ጣትዎ ይኖራል። የመቀሱ ጫፍ ወደ ዐይንና ወደ ጆሮ አይዙር። ሕፃኑ ካለቀሰ መቀሱን ለሚቀጥለው ሰው ማሳለፍ ነውር የለውም።

ጸጉሩን በደንብ ማንሣት የቤተሰቡ ሥራ ነው። በእስልምና የራስን ከፊል ላጭቶ ከፊሉን መተው ስለሚጠላ፣ በኋላ ሙሉ ራሱን ይላጩታል፤ የጸጉሩንም ክብደት ያህል የብር ማዕድን ዋጋ ይመጸውታሉ።

ሳይጠሩ ተራ መግባት። ቆራጮቹ አስቀድመው የተመረጡ ናቸው፤ በብዙ ቤት 3፣ 5 ወይም 7 ይሆናሉ።

ማርሃባን ላይ እልል ማለት። የነቢዩን ልደት የሚተርከው በርዛንጂ እየተነበበ ቆይቶ፣ ቆመው የሚያዜሙት የነቢዩ ውዳሴ ማርሃባን ሲደርስ ሁሉም ይነሣል፤ እርስዎም ይነሡ። መንዙማ ያደመጠ ሰው መንፈሱ ቶሎ ይገባዋል። እልልታና ጭብጨባ ግን ለሚያዜመው ቡድን እንግዳ ነው፤ ዜማውንም ይሰብረዋል። ዝም ብሎ መቆም ይበቃል።

«እንዴት ይከብዳል! እንዴት ይወፍራል!» ማለት። እኛ ቡዳ እንደምንፈራው ሁሉ እነሱም እንዲህ ያለውን ሙገሳ ይፈራሉ። «ማሻአላህ» ይበሉ። «ቱፍ ቱፍ» የሚለው ምርቃታችን ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ለጨቅላም ጤና አይበጅም።

ሕፃኑን ማር ማቅመስ። ላንቃውን በለሰለሰ ቴምር ማስነካት የታወቀ ሱና ነው፤ የሚያደርገውም ሽማግሌ ወይም ኢማም ነው። ትሪው ላይ ማር ተቀምጦ ሊያዩ ይችላሉ። ክብሩ ለእርስዎ ከተሰጠ ማሩን ይተዉት። ማር ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የመመረዝ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል 12 ወር ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ አንዲት ጠብታም ብትሆን።

በጉን መፈለግ። ለወንድ ልጅ ሁለት፣ ለሴት ልጅ አንድ በግ ወይም ፍየል ይታረዳል፤ የተወደደው ቀን 7ኛው ሲሆን 14ኛውና 21ኛውም ይቻላል። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ከፍሎ ሌላ ቦታ ስለሚያሳርድ የቀረበው ዶሮ ቢሆን አይገረሙ፣ ስንት እንደታረደም አይጠይቁ። በቀኝ እጅ ይብሉ፤ የጋራውን ማንኪያ በግራ ይያዙት፣ ምክንያቱም ቀኙ ወጥ ነክቷል። ጉርሻ የለም!

እናትየዋን ማስቸገር። አራስነቷ እስከ 44 ቀን ይቆያል፤ ሆዷ በጨርቅ ታስሮ ሊሆን ይችላል። የበረዶ ውኃና እንደ ዱባ ያለ፣ ሰውነት ያቀዘቅዛል የሚባል «ቀዝቃዛ» ምግብ ትከለከላለች። «እስቲ ቅመሺ» ብለው አይወትውቷት፤ ብድግ ብላ ካልተቀበለችዎትም አይቀየሙ።

ስጦታን በይፋ መስጠት። ገንዘብ በፖስታ ወይም ታጥፎ መዳፍ ውስጥ ሆኖ፣ ሲሰናበቱ በሰላምታ መሃል ይተላለፋል። ወንድ ለአባት፣ ሴት ለእናት ቢሰጡ ይሻላል። ከአበባ ጋር የታሰረውን የተቀቀለ እንቁላል፣ ቡንጋ ተሉርን፣ ከቢጫው የሩዝ ማማ ላይ ራስዎ አይንቀሉ፤ ያድሉዎታል። ሲሰጡዎት ጠረጴዛ ላይ ጥለውት አይውጡ።