ድመታችሁ ከሞተችባችሁ

ደብረ ብርሃንም ሁኑ መንዝ፣ «ድመቴ ሞተችብኝ» ስትሉ የሚመጣው መልስ «ለድመት ነው እንዴ?» ነው። ጆሮ አትስጡት። በዚያ ብርድ እግራችሁ ሥር ተጠቅልላ ስታድር የከረመች ፍጥረት ስትለይ ቤቱ ይጎድላል፤ ቢያስለቅስም አያሳፍርም።

ሬሳዋን ግን ገደል አትወርውሩ፣ ጅብ ይጎትተዋል። በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሉና ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ ራቅ አድርጋችሁ በጥልቀት ቅበሩ፤ አፈሩ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። ልጆች ከፈለጉ አብረው ይቅበሩ። «ተኝታለች» አትበሏቸው፣ ትንሽ ልጅ ከዚያ በኋላ መተኛት ሊፈራ ይችላል። «ሞታለች፣ አትመለስም» ይበቃል። ወተት የምትልስበትን ጣሳም ልጁ ራሱ «ይነሳ» እስኪል ተዉት።

ከመሞቷ በፊት ጠባይዋ ተለውጦ፣ ለሃጯ እየተዝረበረበ ወይም ያለ ምክንያት እየተናከሰች ከነበር፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በባዶ እጅ አትንኳት። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ይጠበውና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ጭረቷ ትንሽ ናት ተብሎ አይታለፍም።

የአይጥ መርዝ ጠርጥራችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ የድመት ግልገል ከማምጣታችሁ በፊት መርዙን ከቤት አስወጡ።