ለጀበና የሚቀዳው የመጀመሪያ ውሃ፦ እርሳስና መዳብ ከቧንቧ ሲመጡ

ውሃውን ቆጣሪ ላይ መዝጋት፣ የቧንቧ ክር ላይ ቴፍሎን መጠቅለልና ማጥበቅ ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ መታጠቢያው ላይ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ እድፍ፤ ውሃው አፍ ላይ ብረት ብረት ይላል።

መዳብ ነው። ሲበዛ ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 2 ሚሊግራም ነው። መጀመሪያ ቦይለሩንና የመዳብ ቱቦዎችን እዩ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ካፌ ሻዩ መረረ ብለው ጠሩኝ። ልጆቹ ቶሎ እንዲፈላላቸው ከሙቁ መስመር ይቀዱ ነበር። ሙቅ ውሃ ብረት ያሟሟል። ለሻይም ለወጥም ከቀዝቃዛው ቅዱ። ክረምት ላይ ደግሞ የጣሪያ ውሃ ወደ ሮቶ የምታስገቡ፣ የዝናብ ውሃ ከቧንቧ ውሃ ይልቅ ብረት ይበላል። ለልብስ ይሁን።

ምልክት፦ ምንም።

ይሄኛው እርሳስ ነው። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ አይጣፍጥም፣ አይመርም። ልጆች የሚጽፉበትን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ውስጡ ግራፋይት ነው። ብረቱ እርሳስ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፤ ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል መጠን አይታወቅም።

ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ቤት ሄድኩ። ልጅየው ውሃውን አስመርምሮ «ንጹህ ነው» ተብሏል። እንዴት ቀዳህ ስለው፣ ቧንቧውን ከፍቶ በደንብ ካስፈሰሰ በኋላ ነው። ታዲያ ምን ሊገኝ! ሌሊቱን ማንም እንዳይነካው አደረግን። ቢያንስ 6 ሰዓት የቆመውን፣ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ 1 ሊትር ቀዳን። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ለቀን ሌላ ጠርሙስ ሞላን። የመጀመሪያው ከወሰን በላይ፣ ሁለተኛው ደህና ሆኖ ተገኘ። እና የመጀመሪያው ውሃ በየቀኑ የት ይገባል? ጎህ ሲቀድ እናትየው የሚጥዱት ጀበና ውስጥ! «ልጄ፣ አፍልቼው ነው እኮ» አሉኝ። እማማ፣ ሲፈላ ውሃው ይተናል፣ እርሳሱ ይቀራል። በረኪናም ሆነ ሌላ ክሎሪን ያለው የውሃ ማከሚያ አይነካውም።

ጥፋተኛው ወጥ ቤት ያለው ሚክሰር፣ ሙቅና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው የቧንቧ አፍ ነበር። ያብረቀርቃል፣ ሲያነሱት ግን እንደ ፕላስቲክ ይቀላል። ሚክሰር የሚሠራበት ነሐስ ለመቁረጥ እንዲመች እርሳስ ይጨመርበታል፤ ርካሹ ላይ ስንት እንዳለ ማንም አይነግራችሁም። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላል። ሁሉም ኦሪጅናል ነው! አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ስፈታ ዝገትና የብረት ፍርፋሪ ሞልቶባታል። ውሃው በዚያ ላይ ነበር የሚያልፈው።

መፍትሄው፦ ሚክሰሩን ቀይሩ፤ ስትገዙ ከእርሳስ ነጻ የሚል ማረጋገጫ ያለውን ጠይቁ። ወንፊቷን በየወሩ ፍቱና እጠቡ። የዛገ የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ ብረት) ቧንቧ ካለ በፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ይተካ። እስከዚያው የቆመውን ውሃ አትጠጡ። ፈረቃ ባለበት ከተማ ውሃ ልቀቁ ማለት እንደሚያናድድ አውቃለሁ። በባልዲ ተቀበሉት፤ ወለልና ሽንት ቤት ይታጠብበት። ፈረቃችሁ ደርሶ መጀመሪያ የሚመጣው ድፍርስም እንደዚሁ፤ እርሳስ ዝገት ላይ ተጣብቆ ይመጣል። ከመቸኮል የተነሳ እሱን በመጠጥ ጀሪካን የሚሞላ ሰው አይቼ አልጨረስኩም። ለሕፃን ወተት መበጥበጫ ደግሞ የቆመ ውሃ በጭራሽ!

ሰዎች ውሃው ከምንጩ ነው የተበላሸው ይሉኛል። ብዙ ጊዜ አይደለም። አሜሪካኖች በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደንብ እርሳስና መዳብን የሚለኩት ማጣሪያ ጣቢያው ላይ ሳይሆን ሰው ቤት፣ ቢያንስ 6 ሰዓት ከቆመ ውሃ ላይ ነው። ከተለኩት ቤቶች ከአሥር አንድ በላይ የሚሆኑት ወሰኑን ካለፉ ውሃ አቅራቢው እርምጃ ይወስዳል። የእርሳስ ወሰናቸው በሊትር 15 ማይክሮግራም ነበር፤ በ2024 ወደ 10 እንዲወርድ ወሰኑ። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው 10 ነው።

ብርቅ ነገሮች፦ የመዳብ ቱቦ በእርሳስ ብየዳ ተገጣጥሞ ካገኛችሁ መገጣጠሚያው ተቆርጦ ይውጣ። የመብራት ምድር ሽቦ (ኧርዝ) ቧንቧ ላይ ታስሮ ካያችሁ አትንኩት፣ ኤሌክትሪሽያን ጥሩ።