የጎጃም ጥንቸል ምድቧ የት ነው? ከጥርስ እስከ ዝርያ የመለያ መንገድ

«ጥንቸል» ስንል በግቢ የምትረባውንም ከጤፍ ማሳ የምትፈተለከውንም ነው። በሳይንስ ግን ሁለቱ አንድ ወገን (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) አይደሉም። የሞተች ካገኛችሁ ያለ ጓንት አትንኩ፤ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊኖርባት ይችላል።

በቅድሚያ ሽኮኮን ለዩ። በኦሪት ዘሌዋውያን ከጥንቸል ጎን ስለተጠቀሰ ዘመዷ ይመስላል፤ ቅርብ ዘመዱ ግን ዝሆን ነው። ጆሮው አጭርና ክብ ነው።

ክፍለመደቡን፣ ማለትም ሰፊውን ምድብ፣ ጥርስ ይናገራል። የላይኛውን ከንፈር ገልጣችሁ ከሁለቱ ትልልቅ የፊት ጥርሶች ጀርባ እዩ። ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ተደብቀው ካሉ ላጎሞርፋ፣ ማለትም ጥንቸሎች የሚገኙበት ክፍለመደብ ነው፤ አይጥም ጃርትም እነዚህ የላቸውም። የራስ ቅል ለማጽዳት ሲቀቀል ትንንሾቹ ወልቀው ይጠፉና እንስሳው ከአይጥ ጎራ ይመዘገባል። ውሃውን በወንፊት አጥልሉ፤ ባዶ የጥርስ ጉድጓዱንም ፈልጉ።

አስተኔው (ከክፍለመደብ የሚጠብ፣ ከወገን የሚሰፋ ምድብ) ሌፖሪዴ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወገኑ ላይ ነው። የግቢዋ ኦሪክቶላገስ ኩኒኩለስ ትባላለች፤ የዱር ዘሯ የአውሮፓ ነው። የሜዳዋ ሌፑስ ናት። በጆሮ ርዝመትና በክብደት አትለዩ፤ ረጅም ጆሮና ትልቅ አካል ያላቸው የቤት ጥንቸሎች ተዳቅለዋል። አስተማማኙ ምልክት ግልገል ነው፦ የኦሪክቶላገስ በ31 ቀን ገደማ፣ ጸጉር ሳያበቅል፣ ዓይኑ ሳይገለጥ ይወለዳል። የሌፑስ ግን ጸጉር ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ መሬት ላይ ይወለዳል። አጥንት ብቻ ከያዛችሁ የራስ ቅሉን አናት ከኋላ በኩል መርምሩ። በጎልማሳ ኦሪክቶላገስ አንዲት ትንሽ አጥንት ከነስፌቷ ተለይታ ትታያለች፤ በጎልማሳ ሌፑስ ከጎረቤቷ ጋር ተዋህዳለች። በሌፑስ ግልገል ላይም ስፌቱ ሊታይ ስለሚችል ዕድሜውን ሳታውቁ አትፍረዱ። ላቦራቶሪ ካለ ክሮሞዞም ይቁጠር፦ ሌፑስ 48፣ ኦሪክቶላገስ 44።

ዝርያው ላይ አትቸኩሉ። ሌፑስ ፋጋኒ የተባለውን ዝርያ እንግሊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኦልድፊልድ ቶማስ በ1903 እ.ኤ.አ. የሰየመው ጣና ዳር ከዘጌ በተገኘ ናሙና ነው፤ ለጎጃም ሰው ደስ የሚል መረጃ ነው። ሆኖም በጎጃም የታየች ሁሉ ፋጋኒ ናት ማለት አይቻልም፤ የጸጉር ቀለም ብቻውን አይበቃም። ለዲኤንኤ ምርመራ የምስር ፍሬ የምታህል የጆሮ ቁራጭ በ95 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀምጡ። የቤት አረቄ ውሃው ስለሚበዛ አይሆንም፤ ፎርማሊንም ዲኤንኤውን ያበላሻል። ቀበሌውን፣ ከፍታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፋችሁ አብራችሁ አስገቡ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ውጤቱ እስኪመጣ መዝገቡ ላይ «ሌፑስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብላችሁ ጻፉ።