በራስ መኮንን ድልድይ ላይ በቡድን ፎቶ ለምታነሱ

ፒያሳ አካባቢ በሚገኘው የራስ መኮንን ድልድይ በቡድን እየተጓዛችሁ ፎቶግራፍ ለማንሳት ካሰባችሁ፣ እሑድ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለውን ጊዜ እንድትመርጡ እመክራለሁ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበች ከተማ በመሆኗ ፀሐይዋ ረፋዱ ላይ ፈጥና ወደ አናት ትወጣለች፣ የሰዎችም ዓይን በጥላ ይሸፈናል፤ ማለዳ ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የግንቡ ሸካራነት ጎልቶ ይታያል። ሁላችሁም አንድ ቦታ ከቆማችሁ እግረኛው መተላለፊያ ያጣል፣ ፎቶዎቹም ተመሳሳይ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተከፋፍላችሁ፣ ጥቂቶቻችሁ ከዳር ሆናችሁ የድልድዩን ጎን፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ አላፊ አግዳሚውን ብታነሱ ይሻላል። ለሚራመድ ሰው የካሜራው የመዝጊያ ፍጥነት (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበት ጊዜ) ከ1/250 ሰከንድ ባይዘገይ ጥሩ ነው። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ መያዝን አልደግፍም፤ መንገድ ከመዝጋቱም በላይ በማለዳ ብርሃን እምብዛም አያስፈልግም። ነጠላ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶችን ቀርቦ ለማንሳት ግን አስቀድሞ ሰላምታ ሰጥቶ ማስፈቀድ ግድ ነው፤ ፖሊሶችንና የጥበቃ ሠራተኞችን ጨርሶ አታንሱ።