አሮጌ ረጅም ሌንስ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ደሴ ውስጥ አንድ ያገለገለ ረጅም ሌንስ (ሩቁን አቅርቦ የሚያነሳ) ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አብሮት የሚዘዋወር ወሬ አለ፤ «መስታወቱ ተበላሽቷል» የሚል። መስታወት ግን እንዲህ በቀላሉ አይበላሽም። በእጅ የሚስተካከሉት የ300፣ የ400 እና የ500 ሚሊሜትር ሌንሶች፣ ከዐረብ አገር በተመለሰ ዘመድ ሻንጣ የመጡም ሆኑ አዲስ አበባ የተገዙ፣ ሞተርም ሽቦም የላቸውም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሌንሱን ከካሜራው ጋር በሚያገናኘው ቀለበት ላይ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ከኋላ ይጀምር፤ ካቻቢቴ የሚነሳው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ነው።

በመጀመሪያ የያዙት ሌንስ የየትኛው ወገን እንደሆነ ይለዩ። በኋላ ታምሮን የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው «ቲ» የሚባለው ማገናኛ እንደ ብሎን በጥርስ የሚገባ ነው፤ ዲያሜትሩ 42 ሚሊሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 0.75 ሚሊሜትር። ሌሎች ብዙ ኩባንያዎችም ስለተቀበሉት ዛሬ በርካሽ የሚገኘው ረጅም ሌንስ አብዛኛው የዚህ ወገን ነው። ያው ኩባንያ በ1973 አዳፕቶልን፣ በ1979 ደግሞ አዳፕቶል ሁለትን አወጣ፤ እነዚህ ዞረው የሚቆለፉ ናቸው። በሁሉም ዘንድ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ቀለበቱ ሲቀየር ያው ሌንስ ለካኖንም ለኒኮንም ይሆናል።

ካሜራው አላነሳም ሲል

ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚነጋገርበት የኤሌክትሪክ ነጥብ ስለሌለው ካሜራው ሌንስ እንዳልተገጠመለት ይቆጥራል። በካሜራው ምርጫዎች ውስጥ «ያለ ሌንስ ማንሳት» የሚለውን ይፍቀዱ። አነስተኛዎቹ የኒኮን ሪፍሌክሶች (ምስሉን በዓይን ወደሚታይበት ማያ የሚመልስ መስተዋት ያላቸው ካሜራዎች) ደግሞ የሚሠሩት መራጩ ኤም (ሁሉም በእጅ) ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ብርሃኑንም ስለማይለኩ አንድ አንስቶ፣ በስክሪኑ ላይ አይቶ ማስተካከል ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ «አይሠራም» ተብሎ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ሌንስ ካጋጠመዎ ዝም ብለው ይግዙት።

ቅርቡ ይጠራል፣ ሩቁ ግን አይጠራም

ይህ የቀለበት ችግር ነው፣ ክርክር የለውም። የቲ ሌንስ ከመቀመጫው እስከ ሴንሰሩ (ምስሉን እስከሚቀበለው የካሜራው ክፍል) 55 ሚሊሜትር ይፈልጋል፤ ቀለበቱ ከሚገባው በላይ ወፍራም ከሆነ ሌንሱ ከካሜራው ይርቅና ሩቁ ይደበዝዛል። መፍትሄው ቀለበቱን መቀየር እንጂ ሌንሱን መፍታት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በጥርሱ ነው። የድሮዎቹ የፔንታክስና የዜኒት ካሜራዎች ማገናኛም 42 ሚሊሜትር ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት ግን 1 ሚሊሜትር ነው። በዓይን ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። አንዱ በሌላው ውስጥ ትንሽ ዞሮ ይነክሳል፤ በጉልበት ከቀጠሉ የአልሙኒየሙ ጥርስ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ቀለበትም አይዝለትም። በሁለት ጣት እየዞረ እስከ መጨረሻው የማይገባ ቀለበት የእርሱ አይደለም፤ እዚያው ያቁሙ።

ሌንሱ የዚያ ባለ 1 ሚሊሜትር ጥርስ ወገን ሆኖ ካሜራው ኒኮን ሪፍሌክስ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ሌንሱ 45.46 ሚሊሜትር ይፈልጋል፣ የኒኮን ግን 46.5 ነው። የአንድ ሚሊሜትር ትርፍ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ በሌንሱ ላይ የተጻፈውን ሚሊሜትር በራሱ አባዝቶ ለትርፉ ማካፈል ይበቃል። የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ2.5 ሜትር ወዲያ አያጠራም፤ የ300ው እስከ 90 ሜትር፣ የ500ው እስከ 250 ሜትር ግድም ይሄዳል። እንግዲህ በሐይቅ እስጢፋኖስ ዳርቻ 40 ሜትር ላይ የቆመች ወፍ ለምታነሱ ባለ 500ዎች ይህ ጉድለት ጉድለት አይደለም። ከፒያሳ ሆኖ ጦሳን ለማንሳት ለሚፈልግ ግን ምንም አያደርግለትም። መካከሉ ላይ ትንሽ መስታወት የተደረገበት ማገናኛ ይሸጣል፤ ሩቁን ያመጣል፣ ጥራቱን ግን ይወስዳል። እኔ አልመክረውም። ለካኖን ሪፍሌክስና መስተዋት አልባ ለሚባሉት አዳዲስ ካሜራዎች ይህ ሁሉ ችግር የለም።

በተቃራኒው ቀለበቱ ከማለቂያው (∞) ምልክት አልፎ ቢዞር አይደንግጡ። ብረት በሙቀት ስለሚለጠጥ ረጅም ሌንሶች ሆን ተብሎ ትርፍ መዞሪያ ይደረግላቸዋል። ስለዚህ «ሩቅ ነው» ብሎ እስከ መጨረሻው ማዞር ያደበዝዛል። ምስሉን በስክሪኑ ላይ 10 ጊዜ አጉልቶ እያዩ ማጥራት ይሻላል፤ የዘመኑ ሪፍሌክስ ማያ በእጅ ለሚያጠራ ሰው ታስቦ አልተሠራም።

ሌንሱ ይወዛወዛል፣ ወይም ቁጥሮቹ ወደ ጎን ዞረዋል

በቲ ቀለበቱ ጎን ላይ ሦስት ደቃቅ ብሎኖች አሉ። ሲላሉ ሌንሱ ይወዛወዛል። በሰዓት ሠሪ ካቻቢቴ በጥቂቱ ያላሏቸው፣ ቁጥሮቹ ወደ ላይ እስኪመጡ የውስጡን ቀለበት ያዙሩ፣ ከዚያ ሦስቱንም በየተራ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ። ሥራው ከቡና አንደኛ እስከ ሁለተኛ አይቆይም። አዳፕቶል ከሆነ ምልክቶቹን ሳያገጣጥሙ አያዙሩ፤ አፐርቸሩን (የብርሃኑን መግቢያ የሚያሰፋውንና የሚያጠበውን ክፍል) የሚነዳው ዘንግ ከቦታው ከወጣ ቀለበቱ ይዞራል እንጂ አፐርቸሩ አይንቀሳቀስም።

ማያው በድንገት ይጨልማል

ብዙ የቲ ሌንሶች ሁለት የአፐርቸር ቀለበት አላቸው። አንዱ ቁጥሩን ይመርጣል፣ ሌላው እስከዚያ ቁጥር ድረስ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከፍተው ያጠራሉ፣ ዘግተው ያነሳሉ። መጨለሙ ብልሽት አይደለም። በአፐርቸሩ ቅጠሎች ላይ ዘይት ቢታይም በእነዚህ ላይ ብዙ አያሳስብም፣ የሚያዞራቸው እጅ ነውና። በስፕሪንግ በሚዘጋ ሌንስ ላይ ግን ቅጠሎቹን ያዘገያል፤ ፎቶው ከሚገባው በላይ ይነጣል።

የማጥሪያው ቀለበት አልዞር ይላል

ምክንያቱ የደረቀ ግሪስ ነው፤ በቦሩ ሜዳ ብርድ ደግሞ ይብስበታል። ሌንሱን ቤት ውስጥ ሞቅ አድርገው ከጫፍ ጫፍ በዝግታ ደጋግመው ያዙሩት። የስፌት መኪና ዘይት ጠብ የሚያደርጉ አሉ። እባክዎ ይህን አያድርጉ! ቀጭን ዘይት እየተሳበ ቅጠሎቹ ላይና መስታወቱ ላይ ይደርሳል፤ አንዱን ችግር ሦስት ያደርገዋል። ሙቀቱ ካልረዳው አሮጌውን ግሪስ ጠርጎ አዲስ የሚቀባ ባለሙያ ይፈልጉ።

ምስሉ ጉም የለበሰ ይመስላል

ሁሉንም ክዳን አንስተው የስልክ መብራት ከአንድ ወገን እያበሩ ከሌላው ወገን ይመልከቱ። የተበተኑ ነጠብጣቦች አቧራ ናቸው፤ ይተዋቸው፣ በፎቶ ላይ አይታዩም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ሻጋታ ነው። ወጥ የሆነ ስስ ጭጋግ ከሆነ ከግሪሱ የተነነ ቅባት ሊሆን ይችላል። ከፊት ወይም ከኋላ ባለው መስታወት ውጫዊ ገጽ ላይ ያለው በንጹሕ አልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ይለቃል።

መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ የምስሉ መካከል ብቻ ከነጣ ጥፋቱ በማገናኛው ውስጥ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ብረት ብርሃን ወደ ሴንሰሩ ይመልሳል። ውስጡን የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ይቀቡት፤ በርካሽ ማገናኛዎች ላይ ለውጡ በግልጽ ይታያል።

ሻጋታ የሚወደው እርጥበትን ነው፤ የደሴ ክረምት ጉምም ይህን አያሳጣውም። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ዘግተው አያክርሙት፤ እርጥበት ከሚመጥጡት ከረጢቶች ጋር በደረቅ ሣጥን ያኑሩት። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርዱም ሌንሱ እስኪሞቅ ቦርሳውን አይክፈቱ፤ ጤዛ ይይዘዋል።

ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ደብዝዟል

እዚህ ላይ ሌንሱ ንጹሕ ነው፣ የሚንቀጠቀጠው እጅ ነው። ለ500 ሚሊሜትር የሹተሩ (የብርሃን መዝጊያው) ፍጥነት ቢያንስ የሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ፣ ሴንሰሩ ትንሽ በሆነ ካሜራ ደግሞ አንድ ሺሕኛ ይሁን። መቆሚያ ሲጠቀሙ ካሜራውን ሳይሆን ሌንሱን እሰሩበት፤ ክብደቱ ያለው እዚያ ነው። በገና ማለዳ ላሊበላ፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ ለሦስት እግር የሚሆን ቦታ አይገኝም፤ ጋቢ ጠቅልሎ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ማንሳት ግን ይቻላል። እኩለ ቀን ላይ ከሩቅ የሚነሳ ነገር ከመሬት በሚነሳው የጋለ አየር ይርገበገባል፤ ለዚህ ምንም መቆሚያ አይረዳም፣ በጠዋት መነሳት እንጂ።

በውስጡ መስተዋት ባለው አጭር የ500 ሌንስ ከኋላ ያሉት የብርሃን ነጥቦች ቀለበት ቀለበት ቢመስሉ ጠባዩ ነው፤ አፐርቸሩም 8 ላይ የተወሰነ ነው፣ አይቀየርም።

የማይጠገኑት ሁለት ናቸው፦ ሻጋታ የላዩን ስስ ሽፋን በልቶ መስታወቱን ያቆሰለው፣ እና የተጣበቁት መስታወቶች ተላቀው ከዳር የቀስተ ደመና ቀለም የሚያሳየው። ለእነዚህ ገንዘብ አያውጡ። የቲ ቀለበቱን ግን ፈትተው ያስቀሩት፤ ለሌላ ሌንስ ይሆናል።