የአየር ሁከት የደመና ጠብታን እንዴት እንደሚያሳድግ ከድሬዳዋ ሆኖ ለመከታተል

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በክረምት ከሰዓት በኋላ ከድሬዳዋ በስተደቡብ፣ በደንገጎ ተራሮች ላይ የሚቆለለውን ደመና እየተመለከተ አንዱ ዝናብ ሲጥል ሌላው ስለምን በንኖ እንደሚጠፋ መመርመር ለሚፈልግ የፊዚክስ መምህር ወይም ተማሪ ነው። ጠብታዎቹ በዓይን ስለማይታዩ፣ ሥራው ከደመናው ጠርዝ እንቅስቃሴ ተነሥቶ በውስጡ የሚሆነውን መገመት ነው።

አስቀድመው አንድ ስሌት ይሥሩ። እንፋሎት በጠብታው ላይ ወደ ውሃ እየተለወጠ ሲያሳድገው፣ ራዲየሱ እጥፍ እንዲሆን ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት። 10 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ለመድረስ 2 ደቂቃ ፈጀ ብንል፣ ሁኔታው ሳይለወጥ 1 ሚሊሜትር ለመድረስ 10,000 እጥፍ፣ ማለትም ሁለት ሳምንት ገደማ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ኩሙለስ (እንደ ጥጥ ክምር ወደ ላይ የሚቆለል) ደመና ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። እንግዲያው ጠብታዎች ተጋጭተው መዋሃድ አለባቸው። ይሁንና እኩል መጠን ያላቸው ጠብታዎች በእኩል ፍጥነት ስለሚወርዱ እርስ በርስ እምብዛም አይገናኙም። በተለይ ከ15 እስከ 40 ማይክሮሜትር ባለው ራዲየስ ላይ እድገታቸው የሚጓተተው በዚህ ምክንያት ነው።

ተርቡለንስ የሚባለው የአየር ሁከት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ወደ ድሬዳዋ በሚያርፍ አውሮፕላን ውስጥ የሚሰማው መንገጫገጭ የሚመጣው ከትላልቅ ሽክርክሪቶች ሲሆን፣ ለጠብታዎች ግጭት ወሳኞቹ ግን ሚሊሜትርና ሴንቲሜትር የሚያህሉት ናቸው። ጠብታ ከአየሩ ስለሚከብድ የሽክርክሪቱን ኩርባ ተከትሎ መዞር ይሳነዋል፤ ወደ ውጭ ይወረወርና በሽክርክሪቶች መካከል ከሌሎች ጋር ይሰበሰባል። ሳፍማንና ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 እንዳሰሉትም፣ ሁከቱ እኩል ጠብታዎችን ሳይቀር በተለያየ ፍጥነት ስለሚያንቀሳቅስ ያጋጫቸዋል። በሌላ በኩል ይኸው ሁከት በጠርዙ በኩል ደረቅ አየር እያስገባ ጠብታዎችን ያተናል፤ ስለዚህ ሁከት ሁልጊዜ ዝናብን ያግዛል ማለት ስሕተት ነው።

ምልከታውን ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ከጣሪያ ወይም ከከፍታ ላይ ይጀምሩ። በከተማዋ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ወለል ሰፊ እይታ ቢሰጥም ፈጽሞ አይቁሙበት፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ብዙ ሕይወት የቀጠፈው ጎርፍ የመጣው በላይኛው ደጋ ከጣለ ዝናብ ነበር።

የደመናውን መሠረት ከፍታ ለማወቅ፣ በሚያብረቀርቅ ጣሳ ውሃ ላይ በረዶ ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ በጣሳው ውጫዊ ገጽ ላይ ጤዛ የታየበትን ሙቀት ይመዝግቡ። ይህን ከአየሩ ሙቀት ቀንሰው በ125 ያባዙ። አየሩ 32 ዲግሪ፣ ጤዛው 12 ዲግሪ ላይ ቢሆን መሠረቱ ከመሬት 2,500 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የከተማዋ 1,200 ሜትር ሲታከልበት ከባሕር ወለል 3,700 ሜትር ይሆናል። ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበት ሙቀት በዚህ አካባቢ ወደ 5,000 ሜትር ገደማ ስለሚገኝ፣ ለፈሳሽ ጠብታዎች ግጭት የሚተርፈው ውፍረት ጠባብ ነው። ሐረር ላይ አየሩ ቀዝቀዝና እርጥብ ባለበት ቀን መሠረቱ ዝቅ ስለሚል ይህ ክፍል ይወፍራል፤ በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ ሐረር ትሻላለች።

ከዚያ ስልኩን ከማይነቃነቅ ነገር ጋር አስረው በየ10 ሰከንዱ ፎቶ እንዲያነሣ ያድርጉ። ጠርዙ የአበባ ጎመን መስሎ ጥርት ብሎ ከተነሣ፣ ውስጡ ገና በደረቅ አየር አልተጎዳም። ጠርዙ ተበጣጥሶ ወዲያው የሚሳሳ ከሆነ ትነቱ አሸንፏል። በአንድ ቦታ ላይ አዲስ ጉብታ በቀድሞው እርጥብ ቅሪት ውስጥ ደጋግሞ ሲወጣ ልዩ ትኩረት ይስጡት፤ የሚገባው አየር ደረቅ ስላልሆነ ሁከቱ ሳያተን ያጋጫል። አናቱ ጠርዙን አጥቶ ክር ክር ሲል ግን በረዶ ስለተፈጠረ ከመዝገብዎ ያውጡት።

ከመሠረቱ በታች ግራጫ የዝናብ መጋረጃ የታየበትን ደቂቃ ጉብታው ከተነሣበት ጋር ያነጻጽሩ። የአቧራና የጭስ ብናኝ ሲበዛ ጠብታዎቹ ብዙና ጥቃቅን ስለሚሆኑ፣ የተለያዩ ቀናትን ደመናዎች በሁከት ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል፤ የአንድ ቀን ደመናዎችን እርስ በርስ ማስተያየት ይሻላል።